የሦስተኛው ፎቅ መደብ

ሰላማዊት ሲከፋት ሶፋ ትገፋለች። ሌላዋ ሴት ታለቅሳለች፣ ወይም ጎረቤት ሄዳ ስታማ ትውላለች፤ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ ታደርግና ሶፋውን ከመስኮቱ ሥር ወደ በሩ፣ ቡፌውን ከበሩ ወደ ጥጉ ታዞረዋለች። ደስ ሲላትም ያው ነው፤ በዓል ሲደርስማ አይወራ። ባሏ ሙሉሰው ከሥራ ሲገባ የገዛ ሳሎኑ ጠፍቶበት፣ የሰው ቤት የከፈተ መስሎት ይቅርታ ሊጠይቅ የቃጣበት ቀን ነበር።

አይፈረድባትም፣ ሙያዋ ነው። ከደሴ ተመድባ ሰቆጣ ስትመጣ የተሰጣት ሥራ በየቀበሌው እየዞሩ ለገጠር ሴቶች የቤት አያያዝ ማስተማር ነበር፤ ከብቱ ከሰው እንዴት እንደሚለይ፣ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የዕቃ መደርደሪያ ከጭቃ እንዴት እንደሚበጅ። በእሷ ምክር ቤቷን ያሳመረች ሴት በዋግ ሸለቆ ሁሉ ሞልታለች። ራሷ ግን ለዓመታት የኖረችው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ አልጋውን መቀመጫም ጠረጴዛም አድርጋ ነው። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም ከመናኸሪያው ማዶ የተሠራው ፎቅ አልቆ፣ እነሱም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዕጣ ሲወጣላቸው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ሰነበተች። ገና ሳይገቡበት በሐሳቧ ኖራበት ጨርሳ ነበር።

አሳመረችውም። ሳሎኑ በአንድ ወገን ረጅም ግድግዳ አለው፤ በዚህኛው ጫፉ የትንሹ መኝታ ቤት በር፣ በዚያኛው ጫፉ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይከፈታል። ሰላማዊት ከወልድያ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣውን ሶፋ፣ ባለ መስታወቱን ቡፌና ቴሌቪዥኑን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያደረገች፣ መሀሉን ሰፊ ባዶ ቦታ ትተወዋለች። «ክፍሉን ክፍል የሚያሰኘው ዕቃ ያልተቀመጠበት ቦታ ነው» ትላለች፤ እንግዳው ሁሉ ነገሩ ባይገባውም ራሱን ይነቀንቅላታል። መጋረጃው ከሶፋው ልብስ ጋር ይሄዳል፣ ምንጣፉ ከመጋረጃው ጋር። ከየፎቁ ሴቶች ቤቱን ለማየት ብቻ ይመጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው ሶፋ ሲገፉ ይሰማል። ሙሉሰው እንኳ፣ ለውሃ ጽሕፈት ቤት ምንጭ ሲያጎለብት ውሎ አቧራ ለብሶ የሚገባው ሰው፣ ጫማውን በር ላይ ማውለቅ ለመደ። ኩራት ይሰማው ነበር፤ ለምን ይዋሻል።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። አባቱ አቶ ገብረ ጻድቅ ብቻቸውን ቀሩ።

አቶ ገብረ ጻድቅ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ከብርሃን ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። መንደራቸው ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ሲወርዱ፣ ቆላው ሳይጀምር ካለ አንድ አምባ ላይ ነው። ቤቱን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ በድንጋይ፤ ውስጡን የሠሩት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው፣ በጭቃ። እዚያ ቤት ውስጥ ከቦታው የሚነሳ ነገር አልነበረም። መደቡ ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፤ የምድጃው ዙሪያ ከወለሉ ጋር አንድ ነው፤ ጎታው አንዴ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሰውየው ዓይነ ስውር መሆናቸውን ቤታቸው ውስጥ ረስተውት ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ቦታ ይለቃሉ፤ ጓዳ ገብተው ጠላ ቀድተው ጠብ ሳያደርጉ ያመጣሉ። ከመደቡ ጠርዝ ላይ ሚስታቸው ሲመርጉት የቀረ የጣታቸው ፈለግ ነበር፤ እጃቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ወደ ደጅ የሚታጠፉበት ቦታ እንደ ደረሱ ያውቃሉ።

ሙሉሰው ወደ ከተማ አመጣቸው። ምን ያድርግ? እህቱ ኒሯቅ ወርዳ አግብታ በቤተ ዘመድ ተጨናንቃለች፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ደግሞ በአምባ ላይ ብቻውን አይጣልም። ያለ ሰው የቀረው ቤት በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው ተደረመሰ። መመለሻ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ትንሹ መኝታ ቤት ለአባቱ ተሰጠ፤ ትንሿ ልጃቸው አመተ ሥላሴ ወደ እናትና አባቷ ክፍል ዞረች። ሽማግሌው ቀልጣፋ ነበሩ። ማንም ሳይነግራቸው ቤቱን በእጃቸው አጠኑት፤ ያን ሰሞን ሶፋው ከረጅሙ ግድግዳ አልተነሳም ነበር። ከበራቸው ሲወጡ በቀኝ እጃቸው የሶፋውን ጀርባ ይይዛሉ፤ ሶፋው ሲያልቅ ቡፌው ይቀበላቸዋል፤ የቡፌው ማዕዘን ሲያበቃ የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው። ውሃ የሚለቀቅበትን ሽንት ቤት መጀመሪያ ጊዜ ሲስቡት ደንግጠው ነበር፤ ኋላ ግን ወደዱት። «ወንዝ ቤት ውስጥ አስገብታችኋል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሰላማዊትም ወደደቻቸው። ለጎረቤቶቿ «አባባ እኮ ከኔ ይልቅ ቤቱን ያውቁታል» እያለች ታወራ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

ሰላማዊት የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች ጠርታለች። ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ሶፋውን ከረጅሙ ግድግዳ አንስታ ወደ መስኮቱ፣ ቡፌውን ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ የመስታወት ጠረጴዛውን መሀል አደረገችው። ሽማግሌው ክፍላቸው ውስጥ ሆነው ሲንኳኳና ሲጎተት ሰምተዋል፤ ለበዓል ቤት የሚጸዳ መስሏቸው ዝም አሉ። ለሰላማዊት የሚታያት የቤቱ ማማር ብቻ ነበር። ሙሉሰውም የአባቱ መንገድ ትዝ አላለውም፤ ይኼ ነው ኋላ ሲያንገበግበው የኖረው። ሶፋውን በአንድ ጫፍ ይዞ ያገዛት እሱ ራሱ ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ ሞልተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ አቶ ገብረ ጻድቅ ከበራቸው ፊት የተሰጣቸው ወንበር ላይ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ተመርቀውና መርቀው ተቀምጠዋል። ጥቂት ቆይተው ተነሱ። ሙሉሰው ብድግ ሲል ሰሙትና «ተወኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉት። በእንግዳ ፊት እጃቸውን ተይዘው ወደ ሽንት ቤት መሄድ አልፈለጉም፤ ማን ይፈልጋል?

እጃቸውን ዘረጉ። ሶፋው የለም። ሁለት እርምጃ ሄደው እንደገና ዘረጉ፣ የለም። ዞር አሉ፤ መዞራቸው ባሰ። ጉልበታቸው የመስታወቱን ጠረጴዛ መታው። እጃቸው ቡፌውን ሲፈልግ የሰው ፊት አገኘ፤ የሰላማዊትን አለቃ ፊት፣ ከነመነጽሩ። ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ጸጥታውን ሲሰሙ የት እንዳሉ ይበልጥ ጠፋቸው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ በሰው ድምፅ ነበር አቅጣጫ የሚለዩት። ሙሉሰው ዘሎ ሲደርስባቸው ጊዜው አልፎ ነበር። ከጋቢያቸው ሥር ወርዶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

እንግዶቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ሌላ ወሬ ጀመሩ፣ አለቃዋም መነጽሩን ጠርጎ ስለ ዝናቡ አነሳ። ሰላማዊት ኩሽና ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ሶፋ መግፋቷን ትታ ስታለቅስ ሙሉሰው የሰማት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው፦ አቶ ገብረ ጻድቅ ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ መጠጣት አቆሙ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ብርጭቆው ይሰጣቸዋል፣ ያመሰግናሉ፣ ከንፈራቸውን ያስነኩና አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ማታ ሲነሳ ሙሉ ነው። ምግቡንም ወጡን ትተው ደረቁን ይበሉ ጀመር። ካልጠጡ ሽንት አይመጣም፣ ሽንት ካልመጣ ተነስቶ መሄድ የለም፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጡ ራሳቸውን ስተው ወደቁና፣ ሐኪሙ ውሃ ካልጠጡ ኩላሊታቸው አይመለስም ብሎ ሙሉሰውን ገሠጸው።

«አባየ፣ ለምን አይጠጡም?»

«ጥም የለኝም ልጀ።»

በየገደሉ ሥር ምንጭ እያጎለበተ ለስንቱ መንደር ውሃ ያጠጣ ሰው፣ ለአባቱ አንድ ብርጭቆ ማጠጣት አቃተው። ያልተሞከረ ነገር የለም። «እኔ ልውሰድዎ» አላቸው፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ ምራትን «ሽንቴ መጣ» ብሎ መጥራት ደግሞ ከዚያ አገር ሽማግሌ አንደበት የሚወጣ ነገር አይደለም። ፖፖ ገዝቶ አልጋቸው ሥር አስቀመጠ፤ በእጃቸው ዳሰሱትና በእግራቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገፉት። ሰላማዊት ረጅሙን ግድግዳ ባዶ አድርጋ ከበር እስከ በር ገመድ ወጠረችላቸው። «ገመድ የሚታሰረው ለከብት ነው፣ ልጀ» አሏት፤ በቁጣ አልነበረም። ዕቃውን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሳ ሁለተኛ እንደማታንቀሳቅሰው እግራቸው ሥር ተንበርክካ ማለችላቸው። ፀጉሯን ዳሰሱት።

«አንች ምን አጠፋሽ? ዕቃው ነው» አሉ። «ያንች ዕቃ ሁሉ እግር አለው። እግር ያለው ነገር ደግሞ ይሄዳል። እኔ የለመድሁት የማይሄድ ነገር ነው።» ደግሞም፣ እንደ ማፈር እያሉ፣ «እንደው አንድ መደብ ቢኖር» አሉ።

ሙሉሰውና ሰላማዊት ተያዩ።

ነገሩ ሲሰሙት እብደት ነው፤ ሲያስቡት ግን ልክ ነው። ከትንሹ መኝታ በር እስከ መታጠቢያው በር፣ በረጅሙ ግድግዳ ልክ፣ አንድ የጭቃ መደብ። ሽማግሌው ይቀመጡበታል፣ ሲነሱም ጠርዙን ይዘው ይሄዱበታል፤ ሲያልቅ በሩ ነው። ማንም አይገፋው፣ ማንም አያዞረው። ሙሉሰው ሚስቱ ትቆጣለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ቆማ ስታየው ቆየችና «ሌላውን ሁሉ በዚህ ልክ አስተካክለዋለሁ። እዚያ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርሁ የማስተምረውን ለገዛ አባቴ ላልሠራ ነው?» አለች። ሶፋውን ሸጠችው፤ ከመደቡ ጋር አብሮ አይሄድም ብላ። ያንን ሶፋ እንዴት ትወደው እንደነበር የሚያውቅ ሙሉሰው ብቻ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ቀይ አፈሩ፣ ጭዱ፣ እበቱና ድንጋዩ በማዳበሪያ ከረጢት እየሆነ ደረጃውን ወጣ። ጎረቤት በር በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ይዞ ያያል። «ምነው ሙሉሰው፣ በሬ ልታረባ ነው?» ያለም ነበር። ጭቃው በረንዳው ላይ ተቦካ፤ ያቦኩት አቶ ገብረ ጻድቅ ናቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በእግራቸው። ሙሉሰው አባቱን እንደዚያ ቀን አይቷቸው አያውቅም። ሥራ ሲገባቸው አማርኛውን ትተው በኽምጣንጋ ያዜማሉ፤ ጭቃውን በመዳፋቸው አንስተው ያሸቱና «ጭድ ጨምር» ይላሉ፤ ደግመው አሽትተው «በቃው» ይላሉ። ድንጋዩን ራሳቸው ደረደሩት። ውፍረቱን በክንዳቸው፣ ከፍታውን በጉልበታቸው ለኩት። ሰላማዊት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትመርግ፣ እጇን ያዙና «ይቺን ጠርዝ ስትጨርሽ የጣትሽን ፈለግ ሳታጠፊ ተይልኝ» አሏት፤ ከመታጠቢያው በር አጠገብ የአራት ጣቷ ፈለግ ቀረ። አመተ ሥላሴም የራሷን መዳፍ በየቦታው አተመች፣ ግድግዳውን ጨምሮ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረ ጻድቅ እጃቸውን ታጥበው ጠርዙ ላይ ተቀመጡና፣ «እስቲ ውሃ» አሉ። አንድ ጣሳ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ከዚያም ተነስተው፣ እርጥቡን ጠርዝ እየዳሰሱ፣ የሰላማዊት ጣት ጋ ሲደርሱ ታጥፈው፣ በሩን ከፍተው ገቡ። ወንዙ ሲለቀቅ ባልና ሚስቱ ሳሎን ቆመው ሰሙት። ሰላማዊት በጭቃ እጇ አፏን ያዘች።

ቤቱ እበት እበት ይሸት ነበር፤ ምን ይደረግ። ከደሴ የመጣው መጋረጃ በጭቃ መደብ አጠገብ ሲታይ ያስቃል። ግን ቤቱ ከመቼውም ይልቅ ቤት ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ጠዋት ማታ ይወጣሉ ይገባሉ፤ ከንፈራቸው ዳነ፤ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ለአመተ ሥላሴ ተረት ያወሩላታል።

ጭቃው ግን አልደረቀም።

በአምባው ቤት ሲሆን ከሥሩ ያለው መሬት የጭቃውን ውሃ ይጠጣዋል፣ ከላይ ደግሞ የምድጃው እሳት ያደርቀዋል። እዚህ ምድጃ የለም፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ውሃ ወደ ታች እንደሚሄድ ሲያስተምር የኖረው ሙሉሰው፣ የመደቡ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አንዴም አላሰበም። በየመስኩ ውሃን ከሥር መሠረቱ የሚፈትሽ ሰው የገዛ ሳሎኑ ውስጥ እንዲህ ይሞኛል ብሎ ማን ያስባል?

ወይዘሮ አበዛሽ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንኳኩ። ከነሱ ሥር የሚኖሩ፣ ሰው የማይቆጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። «ሙሉሰው፣ እስቲ አንዴ ወደ ቤት ውረድልኝ» አሉት። ወረደ። በረጅሙ ግድግዳቸው ላይ፣ ልክ ከመደቡ ሥር፣ ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል። ከመሀሉ ልስኑ ተገምሶ ወድቋል፤ የወደቀው ልጃቸው ለአራስነቷ ወደ እናቷ ቤት መጥታ የተኛችበት አልጋ አጠገብ ነበር። ጨቅላው አልጋው ላይ ተኝቷል።

«እግዜር አተረፈን» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «ለኮሚቴው ሳልናገር ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ሙሉሰው ይቅርታ ጠየቀ፣ አሳድሳለሁ አለ። ነገሩ ግን በማሳደስ የሚያልቅ አልሆነም። የነዋሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደርቤ ወሬው ደርሷቸው ግንበኛ ይዘው መጡ፤ ግንበኛው መደቡን በጡጫው መታ መታ አድርጎ፣ ከታች ወርዶ ጣሪያውን አይቶ፣ በሁለቱ ፎቅ መካከል ያለው ሶሌታ ይህን ሁሉ ድንጋይና ጭቃ እንዲሸከም አልተሠራም አለ። አቶ ደርቤ ክፉ ሰው አይደሉም። መደቡን ሲያዩ «የእናቴን ቤት አስታወሰኝ» ብለው ቆመው ቀሩ። ከዚያ ሙሉሰውን ወደ ደረጃው አውጥተው፣ «በዚህ ሳምንት ይነሳ። ታች ሕፃን አለ» አሉት። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ይጣሉታል።

ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ወይዘሮ አበዛሽም፣ ግንበኛውም፣ አቶ ደርቤም። ሙሉሰው የሚሟገተው አጣ።

ለአባቱ መንገር አቃተው። ከሥራ ሲገባ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ይልና፣ ሽማግሌው መደቡ ላይ ሆነው ጠርዙን በእርጥብ እጃቸው ሲያሻሹ ሲያይ ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ ያልፋል። ሰላማዊትን «አንቺ ንገሪያቸው» አላት። «አባትህ ናቸው» አለችው። ቀኖቹ ሄዱ። አቶ ደርቤ ደረጃው ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ፤ ሰላምታቸው ከጥያቄ ይከብድ ነበር።

በመጨረሻ የጀመሩት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው።

«ይኼ መደብ አይደርቅም» አሉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት። «ሳምንታት አለፉት፣ አሁንም ላብ አለው። ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

ሙሉሰው አጠገባቸው ተቀመጠ። «ወደ ታች ነው አባየ።»

«ታችማ መሬት አይደለ? ይጠጣዋ።»

«መሬት አይደለም።»

«ታዲያ ታች ምን አለ?»

ሙሉሰው አባቱን አየ። ያኔ ነገሩ ገባው። ሽማግሌው ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ ዳገት የወጡ ነው የመሰላቸው። አምባ ላይ ተወልደው አምባ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ወደ ቤት ለመግባት ሽቅብ መውጣት ለሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ከፍ ያለ ቤት ማለት ከፍ ያለ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ነው። ፎቅ የሚባለውን ቃል ሰምተዋል፣ ምን እንደሆነ ግን ዓይናቸው አይቶት አያውቅም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራቸውም።

«ታች ሰው አለ፣ አባየ» አለ። «ከኛ ሥር ወይዘሮ አበዛሽ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። ከሳቸው ሥርም ሌላ ሰው አለ። ውሃው በሳቸው ጣሪያ ወርዶ ልስኑን ጣለባቸው። ቤታቸው አራስ አለች።»

አቶ ገብረ ጻድቅ ሁለቱንም እግራቸውን ከወለሉ ላይ አነሱ።

«እስከ ዛሬ ሰው ላይ ነው የተቀመጥሁት?»

«እንደሱ አይደለም አባየ፣ ጠንካራ ሲሚንቶ…»

«ሰው ላይ ነው ጭቃ የረገጥሁት?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ፊታቸው ግን፣ ፋሲካ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆነም ነበር።

ወደ ወይዘሮ አበዛሽ ቤት ውሰደኝ አሉ። ሙሉሰው ደግፎ አወረዳቸው፤ በየደረጃው እየቆሙ ግድግዳውን ይዳስሳሉ። ወይዘሮ አበዛሽ በሩን ሲከፍቱ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሴትየዋ ደንግጠው ጉልበታቸውን ሳሙ። ሁለቱም ይቅርታ ይጠያየቁ ጀመር፤ ማን ማንን እንደ በደለ ጠፍቶ። ውስጥ ጨቅላው አለቀሰ። አቶ ገብረ ጻድቅ ድምፁን ሲሰሙ ቀና ብለው ወደ ጣሪያው ዞሩ፣ የሚያዩ ይመስል።

ከዚያ ደረጃውን ወደ ቤታቸው ተመልሰው ወጡና «መደቡን አፍርሰው» አሉት።

ያፈረሰው ሙሉሰው ነው፣ በዶማ፤ አባቱ ግን ክፍልዎ ይቆዩ ቢባሉ እንቢ ብለው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የተናደውን በእጃቸው እየሰበሰቡ ከረጢት ውስጥ ያደርጉ ነበር። ቀስ ብለው ነው የሚያስቀምጡት፣ ታች ያለው ሕፃን እንዳይነቃ። የሰላማዊት ጣት ያለበት ጠርዝ እጃቸው ላይ ሲደርስ ትንሽ ይዘውት ቆዩ። እሱንም ከረጢት ውስጥ አደረጉት። ሰላማዊት ማየት አልቻለችም፤ ልጇን ይዛ ወጥታ ገበያ ለገበያ ስትዞር ዋለች።

ሙሉሰው ሽንፈቱን ዝም ብሎ አልዋጠም። በከተማው የታወቀ አናጺ ጠርቶ፣ በመደቡ ቦታ፣ በመደቡ ርዝመት፣ በመደቡ ከፍታ አንድ አግዳሚ አሠራ። ጥሩ እንጨት ነው። ጀርባው ከግድግዳው ጋር በቡሎን ታስሯል፤ እግሮቹ ከወለሉ ጋር በብረት ተይዘዋል። ሰላማዊት ፍራሽ አሰፍታ ከመጋረጃው ጋር የሚሄድ ልብስ አለበሰችው። በመታጠቢያው በር በኩል ያለውን ጫፉን አናጺው እንዲቦረቡረው ለምና አራት ጎድጓዳ አስወጣችበት፤ ጣት የሚገባበት። ቤቱ እንደገና ያማረ ሆነ። ከየፎቁ ሴቶች ሊያዩት መጡ።

ሥራው ባለቀ ቀን ሙሉሰው አባቱን ከክፍላቸው አወጣቸው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሲራመዱ እግራቸውን እንደ ሌባ ቀስ እያደረጉ ነው፣ ማንም ላይ እንዳይረግጡ። እጃቸውን አግዳሚው ላይ አደረገላቸው።

«እዚያው ቦታ ነው አባየ። ልኩም ያው ነው። ይኸው፣ ይግፉት።» ራሱ በሙሉ ኃይሉ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። «አዩ? የትም አይሄድም።»

ሽማግሌው በጠርዙ ላይ እጃቸውን እየሳቡ እስከ ጫፉ ሄዱ። አራቱን ጎድጓዳ አገኟቸው፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ አስገቡበት። ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ደክማችኋል» አሉ።

ከዚያ እጃቸው ከመቀመጫው ወደ ታች ወረደ። ጭቃ በሚሆንበት ቦታ ባዶ ነበር። እጃቸው ባዶውን አለፈና አንዱን እግር አገኘ፤ ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ ዳሰሱት፣ ብረቱንም ዳሰሱት፣ ወደሚቀጥለውም ሄዱ። ሙሉሰው ቆሞ ያያል።

«ጥሩ ነው፣ ልጀ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥሩ ነው። እግር አለው እንጂ።»

ሰላማዊት ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣች። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ መረቋት፣ ከንፈራቸውን አስነኩ። ከዚያም ብርጭቆውን ሳይጠጡ አጠገባቸው አስቀመጡት።